የአባቴን ቤት ላድስ ነው፤ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ጉለሌ አካባቢ ነው። ቤቱን አባታችን ከእናታችን ጋር ከተጋቡ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነው የሠሩት። የጭቃ ቤት ነው። ጣሪያው ያፈሳል፤ የጓሮው ግድግዳ ወደ ጎረቤት ጎብጧል። አባታችን ካረፉ 6 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ኑዛዜ አልተዉም። ካርታው አሁንም በእሳቸው ስም ነው። አራት ልጆች ነን፤ አንዱ ወንድሜ አሜሪካ ይኖራል። እኔ ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር እናቴን እየጦርኩ እዚያው ነኝ። እናቴ «ቤቱ ያንቺ ነው፣ እንደፈለግሽ ሥሪው» ብላኛለች። ከባለቤቴ ጋር ያጠራቀምናትን ገንዘብ አውጥተን ጭቃውን በብሎኬት ልንቀይር፣ ሰርቪሱን አፍርሰን ሁለት ክፍል ልንጨምር አስበናል። ሰርቪሱ ውስጥ ተከራይ አለ። ያነጋገርነው ሠሪ «ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ» ብሎናል። ፈቃድ ማውጣት አለብን ወይስ እድሳት ስለሆነ ዝም ብለን እንጀምር?

መልስ፦ ፈቃድ ያስፈልጋችኋል። ወደ እሱ እመለሳለሁ። ከጥያቄዎ ውስጥ እኔን ያሳሰበኝ ግን ፈቃዱ ሳይሆን «ካርታው አሁንም በእሳቸው ስም ነው» የሚለው ነው።

እስቲ ድርሻዎን እናስላ። ቤቱ የተሠራው በትዳር ውስጥ ነው። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንደሚለው፣ በአንዱ ተጋቢ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረት እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለው የአባትዎ ስም ብቻ ቢሆንም ግማሹ ቤት የእናትዎ ነው። ውርስም አይደለም፣ ድሮም የራሳቸው ነው። ለውርስ የሚቀርበው የአባትዎ ግማሽ ነው። ኑዛዜ ስለሌለ አራታችሁም እኩል ትካፈሉታላችሁ። እርስዎ ጋ የሚደርሰው የግማሹ ሩብ ነው፤ ከጠቅላላው ቤት ስምንተኛ እጅ ማለት ነው።

የትዳራችሁን ጥሪት ልታፈሱበት ያሰባችሁት ቤት ላይ ያለዎት ድርሻ ይህ ነው።

«እናቴ ቤቱ ያንቺ ነው ብላኛለች» ይላሉ። እናትዎ ከልባቸው ነው ያሉት፤ አልጠራጠርም። ግን መስጠት የሚችሉት የራሳቸውን ግማሽ ብቻ ነው። እሱንም በቃል መስጠት አይችሉም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ እንደ ግልጽ ኑዛዜ በጽሑፍና በምስክሮች ፊት መደረግ አለበት። ግልጽ ኑዛዜ ደግሞ አራት ምስክሮች ይፈልጋል፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ የውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ቡና እየተጠጣ የተባለ ነገር እዚህ ውስጥ አይገባም።

ስጦታና ኑዛዜ ደግሞ አንድ አይደሉም። ኑዛዜን ተናዛዡ በፈለገ ቀን ይሽረዋል። ስለዚህ ኑዛዜ ተይዞ ግንባታ አይጀመርም። ስጦታ ጠንከር ይላል፤ ግን እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ቦታችሁ ነባር ይዞታ ነው፤ ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ ማለት ነው። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ያደርጋል። ከወንድሞችዎ ድርሻ እገዛለሁ ብለው ቢያስቡም ይኸው ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የስጦታ ወይም የሽያጭ ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት የክፍለ ከተማውን የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ።

እሺ፣ ድርሻዬ ትንሽ ነው፤ ግን ወንድም እህቶቼ መቼ ይከለክሉኛል ይሉ ይሆናል። ዛሬ አይከለክሉም። የጋራ ባለሀብትነት ግን ክፉ ጠባይ አለው፤ ከባለድርሻዎቹ አንዱ በፈለገ ጊዜ ክፍፍል መጠየቅ ይችላል። ቤቱ ተቆርሶ የማይከፈል ከሆነ ይሸጣል። ሲሸጥ እርስዎ ያሠሩት ብሎኬት፣ ያስነጠፉት ሴራሚክ፣ ያሰቀሉት ጂፕሰም ሁሉ አብሮ ይሸጣል። ገንዘቡም በየድርሻው ይከፋፈላል። እኔ ነኝ ያሠራሁት ቢሉ «ማን ሥሪ አለሽ?» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ የሚለው ወንድምዎ ላይሆን ይችላል። የወንድምዎ ሚስት ወይም ልጆቹ ይሆናሉ። ቢሮዬ ከሚመጡት የውርስ ጠቦች ብዙዎቹ የሚጀመሩት በሁለተኛው ትውልድ ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? እንግዲህ ቁፋሮ ሳይጀመር አምስታችሁ፣ ማለትም እናትዎና አራታችሁ ልጆች፣ አንድ ስምምነት ፈርሙ። ለማደስ መስማማታችሁን ብቻ የሚገልጽ ወረቀት አይበቃም። ገንዘቡ እንዴት እንደሚመለስ ይጻፍበት። እኔ ብጽፈው እንዲህ ባለ አነጋገር ነበር፦

«ለዚህ ቤት ግንባታ ወይዘሮ … የሚያወጡት ወጪ በደረሰኝና ሁላችንም በምንፈርምበት መዝገብ ይያዛል። ቤቱ ሲሸጥ ወይም ክፍፍል ሲደረግ፣ ግንባታው በቤቱ ላይ የጨመረው ዋጋ በዚያን ጊዜ በባለሙያ ተገምቶ በቅድሚያ ለወይዘሮ … ይከፈላል። የቀረው በየድርሻችን ይከፈላል። እናታችን በሕይወት እስካሉ ድረስ ማናችንም ክፍፍል አንጠይቅም።»

«የጨመረው ዋጋ በዚያን ጊዜ ተገምቶ» የምትለዋን አትዝለሏት። ብዙ ሰው «ያወጣሁት ይመለስልኝ» ብሎ ይጽፋል። ዛሬ ያወጡት ብር ከዐሥር ዓመት በኋላ ምን እንደሚገዛ ያውቁታል፤ የሲሚንቶን ዋጋ ብቻ ማሰብ ይበቃል። ስምምነቱን ደግሞ ሰነዶች ማረጋገጫ ወስዳችሁ አስመዝግቡት። ሕጉ የማይንቀሳቀስ ንብረት ክፍፍልን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል።

አሜሪካ ያለው ወንድምዎ በስልክ «ይሁን፣ እኔ ምን ቸገረኝ» ማለቱ አይበቃም። ውክልና ይላክ። ውክልናው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አልፎ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ ዘንድ ይቀርባል። ሲያጽፍ ይጠንቀቅ። በጥቅሉ «ጉዳዬን ሁሉ ይፈጽምልኝ» የሚል ውክልና ለአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያገለግለው። ድርሻን ለመሸጥ ወይም በመያዣነት ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ «በዚህ የቤት ቁጥር በሚገኘው ቤት ላይ ስምምነት እንዲፈርም፣ ግንባታ እንዲያስፈቅድ» ተብሎ በዝርዝር ይጻፍ። ወንድምዎ ዜግነት ቀይሮ ከሆነ ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ይኑረው፤ ነገሩን ያቀልለታል።

ባለቤትዎንም አንርሳ። ከአባትዎ የሚወርሱት ድርሻ የግልዎ ነው። የሚያፈሱት ገንዘብ ግን የሁለታችሁ ነው። አሁን ፍቅር ነው፣ ይህን ማንሣት ይከብዳል። ቢሆንም ከላይ ያለው መዝገብ ላይ ባለቤትዎም ይፈርሙ።

አሁን ወደ ወረቀቱ። መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚሰጠው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። እሱን ይዛችሁ ካርታው ከአባትዎ ስም ወደ እናትዎና ወደ ወራሾቹ ስም ይዛወራል። ከዚያ በኋላ ነው የግንባታ ፈቃድ። ብዙ ሰው ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። አርክቴክት ይቀጥራል፣ ዲዛይን ያሠራል፣ ፈቃድ ሊጠይቅ ሲሄድ «ባለይዞታው ማን ነው?» ይባላል። ባለይዞታው ደግሞ በሕይወት የሉም።

«እድሳት» የምትለው ቃል ፈቃድ አታስቀርም። የሕንፃ ሕጉ አዲስ ግንባታን ብቻ ሳይሆን ነባር ሕንፃን መለወጥንና ማፍረስንም በፈቃድ አድርጎታል። ቀለም መቀባት ወይም ኮርኒስ መቀየር ሌላ ነገር ነው። እናንተ ያሰባችሁት ምሰሶና ማገር አውጥቶ ብሎኬት መተካት ነው፤ ሰርቪስም ይፈርሳል፤ ክፍልም ይጨመራል። ደንብ አስከባሪ በር ላይ ሲቆም «እድሳት ነው» ማለት አያድንም። ሥራው ይቆማል፤ የተሠራውም ሊፈርስ ይችላል። መንገድ ወይም የኮሪደር ሥራ ቦታውን ቢነካው ደግሞ ያለ ፈቃድ ለተሠራ ክፍል ካሳ ማግኘት ዳገት ነው።

በዚህ ላይ የፕላን ስምምነት የሚባለውን ደረጃ እንደ ፎርማሊቲ አትዩት። ቦታችሁ በከተማው ፕላን ምን እንደተመደበ የምታውቁት እዚያ ነው። መንገድ የሚያልፍበት ከሆነ ዛሬ ማወቅ ከነገ ይሻላል።

አንድ የማያቸው ሰዎች ሁሉ የሚሉት አለ፤ «አሁን እንዲሁ እንሥራው፣ ልጆቹ ሲያድጉ ጂ ፕላስ ዋን እናደርገዋለን።» በ2001 በወጣው የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ አመዳደብ ፎቅ የሌለውና በተሸካሚ ምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ቤት ምድብ ሀ ነበር፤ ቀላሉ ምድብ ማለት ነው። ፎቅ ሲጨመርበት ምድቡ ይቀየራል፤ የሚጠየቀው ዲዛይንና ባለሙያም ይቀየራል። ፎቅ ሐሳብ ካላችሁ መሠረቱ ከአሁኑ በመሐንዲስ ይነደፍ። ለአንድ ወለል የተጣለ መሠረት ላይ ፎቅ የሚጭን ሠሪ አይጠፋም፤ ችግሩም እሱ ነው።

ወደ ሠሪው እንምጣ። ግማሹን በቅድሚያ አትስጡ። ክፍያውን በሥራ ደረጃ ቁረጡት፦ መሠረት ሲያልቅ ይህን ያህል፣ ግድግዳ ሲቆም ይህን ያህል፣ ጣሪያ ሲለብስ፣ ልስን ሲያልቅ እያላችሁ። መጨረሻ ላይ የተወሰነ እጅ ያዙ፤ ጣሪያው በዝናብ ሳይፈተን አይለቀቅ። ሠሪው የሚወስደው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው ወይስ ከነማቴሪያሉ? ብረቱ ባለ ስንት ነው? ይህ ሁሉ ይጻፍ፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 3039 ለአሠሪ ጥሩ ጋሻ ነው፤ ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለሥራው ጥራትና ጥንካሬ ዋስ ነው። በአሠራር ጉድለት ወይም በመሬቱ ጠባይ ምክንያት ቤቱ ቢበላሽ ይጠየቃል። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። «መሬቱ ጥቁር አፈር ስለሆነ ነው የተሰነጠቀው» ሰበብ አይሆነውም፤ ሳይሠራ ማየት ነበረበት። ዋስትናው የሚጠቅመው ግን ሠሪውን በውልና በመታወቂያ ስታውቁት ነው። ስሙ «ማስተር» ብቻ የሆነን ሰው የት ይከሱታል?

የጎበጠው ግድግዳ ቀጠሮ አይሰጥም። ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው፤ ባላውቅ ነው ማለት አያድንም። ዛሬውኑ በባላ ይደገፍ። ማፍረስ ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ የጎረቤታችሁን ግድግዳ ከነስንጥቁ እሳቸው ባሉበት ፎቶ አንሡ። ኋላ «የሰነጠቃችሁት እናንተ ናችሁ» ከመባባል ይገላግላችኋል።

ተከራዩ በ2016 በወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ይጠበቃል። ውሉ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፤ ወረዳም መመዝገብ አለበት። ጊዜው ሳያልቅ «ቤት ላፈርስ ነው፣ ውጣ» ብሎ መገላገል የለም። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ የተስማማችሁበትን ቀን ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች፦ ቤታችሁ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ካሉት ዘመን ጠገብ ቤቶች አንዱ ከሆነ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ አጣሩ። በቅርስነት የተመዘገበን ቤት በ1992ቱ የቅርስ አዋጅ፣ ቁጥር 209፣ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ማደስ አይቻልም። የቀበሌ ቤት የያዛችሁ ደግሞ ባለቤት አይደላችሁም፤ ግድግዳ ከመንካታችሁ በፊት የአከራዩን መሥሪያ ቤት የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ።

የወንድምዎ ውክልናና የፍርድ ቤቱ ወረቀት ጊዜ ይወስዳሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስኪዱ። እስከዚያ ጣሪያው እያፈሰሰ እናትዎ ክረምትን በባልዲ አይለፉ። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ መቀየር ቤቱን ከጥፋት ማዳን ነው፤ ለወንድም እህቶችዎ በመልእክት አሳውቀው ያሠሩት፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ።