የሻምፒዮና ጨዋታን በቀጥታ ማስተላለፍ ስለመከልከል፦ ለጠየቁት መልስ

የዊስኮንሲን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበር፣ ጋዜጣዎ የሻምፒዮናውን ጨዋታ በኢንተርኔት በቀጥታ እንዳያስተላልፍ መከልከል ይችል እንደሆነ ጠይቀዋል። አዎ፣ ይችላል። የአሜሪካ ሰባተኛው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ማኅበሩ እንደ መንግሥት አካል የሚታይ ቢሆንም፣ ራሱ ያዘጋጀውን ውድድር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማስተላለፍ መብት ለአንድ ድርጅት ብቻ ሊሰጥ እንደሚችል ወስኗል።

ውሳኔው ግን ከሜዳ አያስወጣዎትም። ፍርድ ቤቱ ስለ ጨዋታው መዘገብንና ጨዋታውን በሙሉ ማስተላለፍን ለይቶ ነው የተመለከተው፤ ስለዚህ ውጤቱን መጻፍ፣ ጨዋታውን መተንተንና መተቸት አሁንም የእርስዎ ነው። ውሳኔው አስገዳጅ የሆነው ለዊስኮንሲን፣ ለኢሊኖይና ለኢንዲያና ሲሆን፣ ሌላ ግዛት ከሆኑ የዚያውን ማኅበር ደንብ ማየት ይኖርብዎታል።

ጨዋታውን ለመዘገብ ከማኅበሩ ፈቃድ ሲጠይቁ ስንት ደቂቃ ቪዲዮ መቅረጽና መቼ ማውጣት እንደሚፈቀድልዎ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያድርጉ፤ ወረቀቱንም አትመው ይያዙ። እኔ በስልኬ ብቻ ይዤው ሄጄ፣ በር ላይ ባትሪው አልቆብኝ፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ ከአጥር ውጭ ቆሜ የደጋፊውን ጩኸት ብቻ ስሰማ አሳልፌያለሁ።