ልጁ እስኪመልስ ጠብቁት

ውድ ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ ሁለትም ሦስትም ሆናችሁ አንድ ክፍል ተከራይታችሁ፣ ባለቻችሁ ላፕቶፕ የልጆች መዝሙርና ተረት በአኒሜሽን እየሠራችሁ ዩቲዩብ ላይ ትጭናላችሁ። አንዳንዶቻችሁም ፒያሳ እኔ ዘንድ ብቅ እያላችሁ ሥራችሁን አሳይታችሁኛል። ዕድሜዬን የፈጀሁት ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ ስለሆነ ስለ ሶፍትዌር፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ድምፅ ጥራት ትጠይቁኛላችሁ። እሱን እናንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ሥራዎቻችሁን ባየሁ ቁጥር የሚያሳስበኝን አንድ ነገር ነው፤ ልጁ የሚመልስበት ጊዜ አትሰጡትም።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

የልጆች ቴሌቪዥን በአዋቂ ዓይን ሲታይ ግራ የሚያጋባ ነገር ነው፤ ዛሬ ብቻ ሳይሆን ድሮም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 1957 ዓ.ም. ከዚሁ ከማዘጋጃ ቤታችን ሕንፃ ሥርጭት ከጀመረ በኋላ አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ ልጆችን አጫውተዋል። ያኔ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለነበር የሰፈር ልጅ ሁሉ ጎረቤት ቤት ይሰበሰባል፤ የቤቱ እመቤት እግራችንን ሳታይ አታስገባንም። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!» ሲሉ ወለሉን የሞላነው ልጆች በአንድ ድምፅ ሰላምታውን እንመልሳለን። አሁን ቆም ብዬ ሳስበው፣ በዚያ ሰዓት አንድ እንግዳ በሩን ከፍቶ ቢገባ የሚያየው ነገር ጉድ ነው፤ ስክሪኑ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ድምፁን እየለዋወጠ እንስሳ ሆኖ ያወራል፣ ከስክሪኑ ውጭ ደግሞ ልጆች ከማይሰማቸው ሰው ጋር ይነጋገራሉ። ተረቱም ቢሆን የዋህ አልነበረም። በእኛ ተረት ጅብ አህያ ይበላል፣ ጦጣ ታታልላለች፣ የእንጀራ እናት ትጨክናለች።

ግን አባባ ተስፋዬ ከሰላምታው በኋላ ዝም ይሉ ነበር። ለአፍታ ብቻ። ለእኛ የምትበቃንን ያህል።

ያቺ አፍታ ከየት እንደመጣች የገባኝ ሙያውን ከያዝኩ በኋላ ነው። አባባ ተስፋዬ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ ባልወጡበት ዘመን የሴት ገጸ ባሕርይ ሆነው ተጫውተዋል፤ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ድረስ ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል። አዳራሽ ውስጥ የኖረ ተዋናይ ተመልካቹ ሳይጨርስ ቀጣዩን ቃል አይናገርም፤ ቢናገር ሳቁም ንግግሩም አብረው ይጠፋሉ። ያንን ልማድ ይዘው ነው ካሜራ ፊት የቆሙት። ከዚያም በፊት ቢሆን አያቶቻችን ያውቁታል። «ተረት ተረት» ተብሎ «የላም በረት» የሚል ድምፅ ካልመጣ ተረቱ አይጀመርም። ልጅ የተረቱን በር የሚከፍተው ራሱ ነው።

ይህን እኛ በልማድ የያዝነውን ነገር ሌሎች በብዙ ጥናት ደረሱበት። ሰሰሚ ስትሪት የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1969 ሊጀመር ጥቂት ወራት ሲቀሩት የሙከራ ክፍሎቹ ፊላደልፊያ ውስጥ ለልጆች ታይተው ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አዘጋጆቹን «እውነተኛ ሰዎችንና አሻንጉሊቶችን አንድ ላይ አታድርጉ፣ ልጆች እውነቱንና ተረቱን መለየት ያቅታቸዋል» ብለው መክረዋቸዋል። ስለዚህ መንገዱ ላይ ሰዎች ብቻ፣ አሻንጉሊቶቹ ደግሞ ለብቻቸው ተቀረጹ። ኤድ ፓልመር የሚባል ተመራማሪ ከቴሌቪዥኑ ጎን ሌላ ስክሪን አቁሞ በየጥቂት ሰከንዱ ልዩ ልዩ ፎቶ ያሳይ ነበር፤ ልጁ ዓይኑን ከፕሮግራሙ ነቅሎ ወደ ፎቶው የሚያዞረው መቼ እንደሆነ ይመዘግባል። ውጤቱ ግልጽ ሆነ። አሻንጉሊቶቹ ሲመጡ ልጆቹ አይነቃነቁም፤ ሰዎቹ ብቻቸውን ሲያወሩ ዓይናቸው ይቅበዘበዛል። አዘጋጆቹ የባለሙያዎቹን ምክር ትተው ትልቁን ቢጫ ወፍና ቆሻሻ መጣያ በርሜል ውስጥ የሚኖረውን ነጭናጫ ፍጥረት ሰዎቹ መሀል አስገቧቸው። ለአዋቂ ጉድ የሆነው ለልጁ ትክክል ሆኖ ተገኘ።

እ.ኤ.አ. በ1996 የጀመረው ብሉዝ ክሉስ የተባለው ሌላ የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም ደግሞ ከዚህም አልፎ ሄደ። አቅራቢው ካሜራውን ትክ ብሎ አይቶ ይጠይቅና ዝም ይላል። አዋቂ ሲያየው «መስመሩን ረሳው እንዴ?» ያሰኛል፤ ልጁ ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ እየጮኸ ነው። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ አንዱን ክፍል ከሰኞ እስከ ዓርብ በተከታታይ ማሳየታቸው ነው። ለእኛ አሰልቺ ነው። ልጁ ግን ሰኞ ያልመለሰውን ዓርብ ይመልሳል፣ በመመለሱም ይኮራል። በተከታዩ ዓመት የመጣው የእንግሊዞቹ ቴሌታቢስም አንድን አጭር ፊልም ከዳር እስከ ዳር አሳይቶ እንደገና ከመጀመሪያው ይደግመዋል። ፀሐይዋ የሕፃን ፊት አላት፣ የገጸ ባሕርያቱ ሆድ ስክሪን ነው፤ ብዙ ወላጅ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ብሏል። ሕፃን የሚያሳድግ ሰው ግን «ድገመው» የሚለውን ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሰማ ያውቃል።

በእኛም አገር የቀድሞዋ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ከካልሲ በተሠሩ አሻንጉሊቶች «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ሲጀምሩ፣ በሚሌኒየሙ ዋዜማ፣ አንዲት የስድስት ዓመት ቀጭኔ አማርኛ እየተናገረች ስለ እጅ መታጠብ መጠየቋ ለአንዳንድ ትልቅ ሰው አልተዋጠለትም ነበር። ልጆቹ ወዲያው ተቀበሏት። እ.ኤ.አ. በ2008 ፕሮግራሙ «የጃፓን ሽልማት» የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ፕሮግራሞች ሽልማት አገኘ። ቴክኒኩ ቀላል ነው፣ ገንዘቡም ትንሽ ነበር። የሠራችው ሰው ግን ክፍል ውስጥ ቆማ ልጅን በዓይኗ አይታ ታውቃለች፤ ልዩነቱ እሱ ነው።

  

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ። በቅርቡ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ ካለ ካፌ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ወጣት እናት ሁለት ዓመት የሚሆነውን ልጇን ስታበላ አየሁ። ስልኳን ስኳር ማስቀመጫው ላይ አስደግፋለታለች። ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም እንቁላሎች እየፈነዱ መኪናዎች ይወጣሉ፣ በእንግሊዝኛ ይዘፈናል። ልጁ በሻይ የራሰ ዳቦ ጉንጩ ውስጥ ይዞ ማኘኩን ረስቷል፤ «ማሙሽዬ፣ ዋጥ» ትለዋለች። ቪዲዮው «ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ ጠቋሚ ጣቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። ጣቱ ስክሪኑ ጋ ሳይደርስ መልሱ ተነገረ፣ እንቁላሉም ሄደ፣ ሌላ መጣ። ጣቱ አየር ላይ ትንሽ ቆየችና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሁለተኛው ጥያቄ ሲመጣ እጁን አላነሣም።

እናቲቱን አትፍረዱባት። ከሥራ ወጥታ፣ ታክሲ ተሰልፋ የመጣች ይመስለኛል፤ በዚያች ሰዓት ልጁ እንዲበላላት ብቻ ነው የምትፈልገው። እኔ የምጠይቀው ቪዲዮውን ያቀናበረውን የሙያ ጓደኛዬን ነው። ያንን ጥያቄ ለማን ነው ያስገባው? ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ ሰው ከወዲያ በኩል መኖሩን አስቦ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሁለት ሰከንድ ይጨምር ነበር። ይህ ጉርሻ ሳይዋጥ ጉርሻ መደራረብ ነው።

የድሮው እንግዳነትና የዛሬው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው እላለሁ። አባባ ተስፋዬ የጅብ ድምፅ ሲያወጡ፣ ቀጭኔዋ ስታወራ፣ ወፉ መንገድ ላይ ሲንጎራደድ፣ ከኋላ ልጁን የሚያስብ ሰው አለ። ፕሮግራሙም መጨረሻ ነበረው፤ ይሰናበቱናል፣ ከዚያ የአዋቂ ነገር ይመጣል፣ እኛም ወደ ሜዳ እንወጣለን። ዛሬ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይቀጥላል፤ ቀጣዩን የመረጠ ሰው የለም።

«ታዲያ ፍጥነቱ ነው ጥፋቱ?» ትሉ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 60 የአራት ዓመት ልጆችን በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን ፈጣን ካርቱን፣ ሁለተኛው ዝግ ያለ ካርቱን ለ9 ደቂቃ አየ፤ ሦስተኛው ሥዕል ሣለ። ፈጣኑ ካርቱን ትዕይንቱን በአማካይ በየ11 ሰከንዱ ይቀይራል፣ ዝግ ያለው በየ34ቱ። ወዲያው ሲፈተኑ ፈጣኑን ያዩት ልጆች ራስን በመግታትና መመሪያ በመከተል ከሌሎቹ አነሱ። ወሬው በዚህ ቢያበቃ ለእኔ ክርክር ይመች ነበር። ግን ከአራት ዓመት በኋላ በተሠሩ ተከታይ ሙከራዎች ዋናው ምክንያት ፍጥነቱ ሳይሆን በእውኑ ዓለም የማይሆኑ ነገሮች መደራረባቸው ሆኖ ታየ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ልጅ ጉድ አይጠላም፣ እንዲያውም ይወዳል፤ አንዱን ጉድ አይቶ፣ ተገርሞ፣ ስለ እሱ አንድ ነገር ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላ ሲመጣበት ነው የሚደክመው።

በጣም ትንንሾቹን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ይላል። ይህን እያወቃችሁ «ከስድስት ወር ጀምሮ» የሚል ርዕስ አትለጥፉ።

የገንዘቡን ነገር እንዳልዘለው። ዩቲዩብ የልጆችን መረጃ ያለ ወላጅ ፈቃድ ሰብስቧል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ለልጆች የተሠራ ተብሎ ምልክት የተደረገበት ቪዲዮ አስተያየት አይቀበልም፣ የተመልካቹን ባሕርይ ተከትሎ የሚመረጥ ማስታወቂያም አይታይበትም፤ ገቢው ያነሰ ነው። ብዙው ሠሪ ይህን በብዛት ለማካካስ ይሮጣል፤ አንድ ዜማ፣ አንድ ሞዴል፣ ቀለም ብቻ ተለዋውጦ ሃያ ቪዲዮ። ዝምታ ካስገባችሁ ቪው ሊቀንስባችሁ እንደሚችል አልክድም። ስለዚህ ኪራያችሁን ማስታወቂያና ሠርግ እየሠራችሁ ክፈሉ፣ የልጆቹን ሥራ ግን በዚያ ሚዛን አትመዝኑት። እኔም ሁልጊዜ ኑሮዬን የደጎምኩት እንዲሁ ነው።

አንድ የሥራ ዘዴ ልስጣችሁ። ተራኪው ድምፁን ሲቀዳ አንድ ልጅ አጠገቡ አስቀምጡ፤ የእህታችሁ ልጅ ይሁን፣ የአከራያችሁ። ተራኪው ወደ ማይኩ ሳይሆን ወደ ልጁ እያየ ይጠይቅ፣ ልጁም በራሱ ጊዜ ይመልስ። አንዳንዱ ወዲያው ይመልሳል፣ አንዳንዱ ጣሪያ አይቶ፣ ጨርቁን ጎትቶ ነው የሚመልሰው። ከዚያ ኤዲት ስታደርጉ የልጁን ድምፅ አጥፉና ክፍተቱን እንዳለ ተዉት። በሰዓት ተለክቶ የገባ ዝምታ ይታወቃል፤ ይሄኛው ግን የእውነተኛ ልጅ ልክ ነው። አኒሜሽኑ በዚያ ሰዓት ቀጥ ብሎ እንዳይቆም ገጸ ባሕርይዋ ዓይኗን ታርግብ፣ ጆሮዋን ታዘንብል፤ እየጠበቀችው መሆኑ ይታይ።

ከዚያ ሳትጭኑት በፊት ሰፈራችሁ ወዳለ መዋዕለ ሕፃናት ውሰዱት። ርእሰ መምህሯን በትሕትና ጠይቁ፣ ሥራችሁን አስቀድማችሁ አሳዩአት፤ አብዛኞቹ እምቢ አይሉም። ቪዲዮው ሲከፈት እናንተ ከስክሪኑ ጎን ሆናችሁ ፊታችሁን ወደ ልጆቹ አዙሩ፣ ስክሪኑን አትዩ። ስልካችሁ ላይ ሰዓት ክፈቱና ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፤ ዓይናቸው መቼ እንደሸሸ፣ መቼ ድምፅ አውጥተው እንደመለሱ። ስቱዲዮ ተመልሳችሁ የጻፋችሁትን ከቪዲዮው ጋር አስተያዩት። ዓይን የሸሸበትን ቦታ ቁረጡት ወይም እንደ አዲስ ሥሩት። ልጆቹ እየመለሱ ሳለ ተራኪው ያቋረጣቸው ቦታ ካለ ደግሞ፣ እዚያ ላይ ጨምሩ። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ይዛችሁልኝ ኑ፤ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ አለሁ።