ጥያቄና መልስ፦ እጅ ከዓይን ሲቀድም

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ተራ በተራ ስለሚጫወቱ የስልት ጨዋታዎች የሚያነሡ ናቸው። የጦሳ ተራራ ጉም ደሴ ከተማችን ላይ ወርዶ ሰው ቤቱ ሲከተት ቼዙና ስልኩ መውጣታቸው አይቀርም። ጠያቂዎቹን በሚኖሩበት ከተማ ብቻ እጠራቸዋለሁ።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቼዝ ስጫወት ጥሩ የመሰለኝን እንዳየሁ እጄ ቀድሞ ይሄዳል። ጠጠሩን ካስቀመጥኩ በኋላ ንግሥቴ ልትበላ መሆኗ ይታየኛል። ያነሰኝ ችሎታ ነው ወይስ ትኩረት?

መልስ፦ ልጄ፣ ስሕተቱ ወዲያው የሚታይህ ከሆነ የማየት ችሎታው አለህ፤ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ስለዚህ «ትኩረት አድርግ» ብዬ አላልፍህም፤ ከእጅህ እንጀምር። ውሳኔህ እስኪያልቅ ድረስ ሁለቱንም እጆችህን ከጭንህ ሥር አድርገህ ተቀመጥባቸው። ጓደኞችህ ይስቁ ይሆናል፤ ነገር ግን በውድድር ላይ የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ስለሆነ፣ እጅን መግታት እንደ ማንኛውም የጨዋታው ክፍል መለማመድ ያለበት ነገር ነው።

ተራው ሲደርስህ በመጀመሪያ የራስህን ዕቅድ ለጊዜው ተወውና ተቃዋሚህ አሁን ያንቀሳቀሰው ጠጠር ምን ከፈተ፣ ምን ዘጋ፣ ምንስ ሊበላ ነው ብለህ ጠይቅ። ቀጥሎ ንጉሥን የሚያጠቁትን፣ የሚበሉትንና የሚያስፈራሩትን እንቅስቃሴዎች በዚሁ ቅደም ተከተል ፈትሸህ ሁለት ወይም ሦስት አማራጭ ለይ። ከዚያ በላይ አትጨምር፤ ነጭ በመጀመሪያ ተራው 20 አማራጭ አለው፣ ጥቁርም እንዲሁ 20፣ ስለዚህ ሁለቱ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ሲጫወቱ 400 ዓይነት አቀማመጥ ሊፈጠር ይችላልና ሁሉን ልቁጠር ያለ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። በመጨረሻም ከወሰንክ በኋላና ጠጠሩን ከመንካትህ በፊት ዓይንህን ከሰሌዳው ላይ አንሣ፤ መልሰህ ስታየው «እሱን ብሆን ምን እበላ ነበር?» በል።

እኔ ይህን የተማርኩት ከቼዝ ሳይሆን ከዳማ ነው። ፒያሳ አካባቢ ካርቶን ላይ በተሰመረ ዳማ፣ የለስላሳ ቆርኪ አንዱ ፊቱን አንዱ ጀርባውን እያደረግን ስንጫወት፣ አንድ ልብስ ሰፊ ወዳጄ አንዲት ቆርኪ በነፃ አቀረበልኝ። የራሴን አንሥቼ ገና አየር ላይ ሳለች ነበር ከኋላ ሦስት ሊበላብኝ መሆኑ የታየኝ። እሱ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ያስቀምጧት እንጂ!» አለኝ።

የሚጫወቱትን አስቀድሞ ወረቀት ላይ ጽፎ እንደገና ማየትም ይረዳል። የዛሬው ዓለም አቀፍ የቼዝ ደንብ መጀመሪያ መጫወት ከዚያ መጻፍ እንጂ ተቃራኒውን ስለማይፈቅድ ግን ለቤት ልምምድ ብቻ ያዘው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ልጄ ኮምፒውተር ላይ አገር የሚገነባበት ጨዋታ አለው። ተኛ ስለው «እማ፣ አንድ ተራ ብቻ» ይለኛል፤ ያቺ አንድ ተራ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ትሄዳለች። እየዋሸኝ ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይመስለኝም፤ ሲናገር ከልቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲቪላይዜሽን የተባለው ጨዋታ ከወጣ ወዲህ «አንድ ተራ ብቻ» ተጫዋቾቹ ራሳቸው የሚቀልዱበት አነጋገር ሆኗል። ምክንያቱ አሠራሩ ላይ ነው። የጎተራው ግንባታ ከ2 ተራ በኋላ ያልቃል፣ ምርምሩ ከ4 በኋላ፣ የላከው ጦር ድንበር የሚደርሰው ከ5 በኋላ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ሊያልቅ ትንሽ ስለሚቀረው ሁሉም ነገር አንድ ላይ የሚዘጋበት ተራ አይመጣም። «ይህ ጦርነት ሲያልቅ ተኛ» የሚለው ስምምነት የማይሠራውም በዚሁ ነው፤ ማቆሚያው ከጨዋታው ውጭ መሆን አለበት። ቤትዎ ማታ ቡና የሚፈላ ከሆነ አቦል ሲቀዳ ይጀምር፣ በረካ ሲቀዳ ያቁም፤ ከስልክ ደወል ይልቅ የእናት ሲኒ ይከበራል። ሲያቆም ደግሞ ቀጥሎ ሊያደርግ ያሰበውንና ለምን እንዳሰበው በአንድ መስመር ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ልጁን ወንበሩ ላይ የሚያቆየው አንዱ ነገር የጀመረው ሐሳብ እስከ ነገ ይጠፋብኛል የሚለው ስጋት ነው። ፖሊቶፒያ የተባለው የስልክ ጨዋታ በ30 ተራ የሚያልቅ ዓይነት አለው፤ በትምህርት ቀን በዚያ ቢወሰን ይሻላል።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ መምህር ነኝ፤ ተማሪዎችን ቼዝ አስጫውታለሁ። በቀን ስንት ጨዋታ ይበቃቸዋል? የማስታወስ ችሎታቸውስ ይዳብራል?

መልስ፦ አንድ ይበቃል፤ በተለይ ለእያንዳንዳቸው 30 ደቂቃ ተሰጥቷቸው ከተጫወቱና ከዚያ በኋላ የተጫወቱትን ከመጀመሪያ ጀምረው ካዩት። በደንቡ መሠረት ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃና ከዚያ በታች የሚሰጥበት ብሊትዝ፣ ከ10 በላይና ከ60 በታች የሚሰጥበት ራፒድ ይባላል። ልጆች ብሊትዝ ይወዳሉ፤ እኔም እወዳለሁ፤ ነገር ግን ገና ልማድ ያልያዘ ልጅ በብሊትዝ የሚለማመደው ችኮላን ነው። ግምገማውንም ኮምፒውተር ከመክፈታቸው በፊት በራሳቸው ያድርጉት፤ የተሸነፈው «እዚህ ላይ ይህን አስቤ ነበር» ብሎ ከተናገረ በኋላ ማሽኑ ይጠየቅ።

ስለ ማስታወስ ብዙ አይጠብቁ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን ያወጡት ጥናት የታወቀ ነው፤ የላቀ ደረጃ ያለው ተጫዋች ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አቀማመጥ ለ5 ሰከንድ አይቶ ጠጠሮቹን በሚያስደንቅ ሁኔታ መልሶ ደረደረ፣ ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ከጀማሪው ያን ያህል አልተሻለም። እንዲህ ያሉ ተጫዋቾች ያካበቱት የሚያውቋቸውን ቅርጾች እንጂ የተለየ የማስታወስ ኃይል አይደለም። ስለዚህ በየቀኑ አዲስ እንቆቅልሽ ከማሳደድ እነዚያኑ ሃምሳ እንቆቅልሾች እየደጋገሙ ማሠራት ይበጃል።

ጥያቄ (ከመርሳ)፦ ጫት ከቃምኩ በኋላ ሰሌዳው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ለጥቂት ሰዓት ንቃት መስጠቱን አልክድም፤ እንቅልፍን መንሣቱ ግን የነገውን ትኩረት ከዛሬ መበደር ነው። ቁልጭ ብሎ መታየትና ትክክል መሆንም ይለያያሉ፤ ምርቃና ላይ የሚያምር ዕቅድ ሁሉ ሰሌዳ ላይ አይሠራም። ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር ለመሄድ ካሰቡ ደግሞ፣ ቼዝ ለፀረ አበረታች ቅመሞች ደንብ ተገዢ መሆኑንና ጫት ውስጥ ያለው ካቲን ከተወሰነ መጠን በላይ ከተገኘ በውድድር ወቅት የተከለከለ መሆኑን ይወቁ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ዕድሜዬ ገፍቷል። በልጅነቴ ሽማግሌዎች ሰንጠረዥ፣ ማለትም የአገራችንን የቀድሞ ቼዝ፣ ሲጫወቱ አይ ነበር። የልጅ ልጄ ግን ተራ የሌለው ጨዋታ ነው ብሎ ይከራከረኛል። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለታችሁም። ሰንጠረዥ ሲጀመር ወረራ የሚባል ክፍል አለው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ይሆናል። ለትኩረት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ በወረራው ጊዜ የራሱን ሰልፍ ብቻ የሚያይ ተጫዋች ተራው ሲጀመር የተከበበ ሆኖ ራሱን ያገኘዋል፣ ጎበዙ ግን የሌላውን እጅ እያየ ያሰላለፈውን ደጋግሞ ይለውጣል። ለልጅ ልጅዎ ቼዝ ከማስተማርዎ በፊት ገበጣ ያስጀምሩት። ጠጠሮቹን ከማንሣቱ በፊት የመጨረሻዋ የት ጉድጓድ እንደምታርፍ በጣቱ ሳይነካ ቆጥሮ ይንገርዎት፤ ከሳተ ተራውን ይለፍ።