ሁለት እጅ ዋክስ ይበቃል፣ በመሃሉ ግን አንድ ሌሊት ይደርበት

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ጥቁር ኮሮላ ገዝተሃል፣ ደሴ እያደርክ ኮምቦልቻ ነው የምትሠራው፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት እጅ ዋክስ (የመኪና ቀለም ማብረቂያ ሰም) በላይ በላዩ ቀባኸው፣ እሁድ ጠዋት ኮፈኑ ላይ ደመና የመሰለ ነገር አየህ። አሁን "አምስት እጅ ባደርሰው ይጠፋል ወይ?" ነው የምትለው። አይጠፋም፣ ይብስበታል። ግን አብሽር፣ ቀለሙ አልተነካም።

የሆነው ነገር ይኼ ነው። ዋክሱ ውስጥ ያለው ካርናውባ የሚባለው ሰም የሚገኘው ከሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ ከአንድ የዘንባባ ዓይነት ቅጠል ነው። ለብቻው በጣም ደረቅ ነው፤ ለመቅለጥ ከ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። ጣሳው ውስጥ ለስልሶ የምታገኘው ማሟሟያ ስለገባበት ነው። ስትቀባው ማሟሟያው ይተናል፣ ሰሙ ይቀራል። አንተ ግን የመጀመሪያው እጅ በደንብ ሳይጠነክር ሁለተኛውን ደረብክበት፣ የሁለተኛው ማሟሟያ ደግሞ የመጀመሪያውን መልሶ አላላው፣ ሦስተኛውም እንደዚያው። ስለዚህ መኪናህ ላይ ያለው ሦስት እጅ አይደለም። አንድ ወፍራም፣ የተለወሰ እጅ ነው።

ደስ የሚለው ነገር፣ ያበላሸው ነገር ራሱ ያስተካክለዋል። መጀመሪያ መኪናውን እጠበው፣ አድርቀው። ከዚያ ከያዝከው ዋክስ ትንሽ ወስደህ ደመና ያለበት ቦታ ላይ፣ የሁለት መዳፍ ስፋት ብቻ፣ ቀባ አድርግና ሳይደርቅ ወዲያው በንጹሕ ማይክሮፋይበር ጥረገው። አዲሱ ማሟሟያ የተጋገረውን ያላላዋል፣ ጨርቁ ይዞት ይመጣል። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ገልብጠው፤ በቆሸሸው ገጽ ከቀጠልክ መልሰህ እየቀባኸው ነው።

አሁን ወደ መደረቡ። ብዙ ሰው ዋክስን እንደ ቀለም ያየዋል፣ እጅ በጨመርን ቁጥር የሚወፍር ይመስለናል። አይወፍርም። ከሚያስፈልገው በላይ ያለውን ስትወለውለው ጨርቁ ይወስደዋል። የሁለተኛው እጅ ጥቅም የመጀመሪያው የዘለለውን ቦታ መሙላት ነው። በእጅ ስትቀባ የሆነ ቦታ መዝለልህ አይቀርም፣ በተለይ የበር እጀታ ሥርና የፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ። ከሁለት በላይ ያለው ግን ድካም ነው፤ ሦስተኛ እጅ ቀብቼ ልዩነቱን በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

እኔ የምሠራበትን መንገድ ልንገርህ። አርብ ማታ ወይ ቅዳሜ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ በመኪና ሻምፖ አጥባለሁ። ዱቄት ሳሙና አልነካም፣ ሰሙን ያራቁተዋል። ካደረቅኩ በኋላ ስስ ፌስታል እጄ ላይ አጥልቄ ኮፈኑን በቀስታ እዳስሳለሁ። ይህን ሞክረው፣ ትገረማለህ። በባዶ እጅ ልሙጥ የመሰለው ቀለም በፌስታሉ በኩል አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ይኼ የመንገድ አቧራ፣ የፍሬን ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት በየቀኑ ፍሬን እየያዝክ የምትወርድ ሰው ጎማው አካባቢ ያለው ቀለም ላይ ምን ያህል ብናኝ እንደሚጣበቅ አስበው። ሰም በዚህ ላይ ቢደረብ ቆሻሻውን ማተም ነው። የሚያነሳው ክሌይ የሚባል እንደ ሊጥ የሚለወስ ነገር ነው። በሻምፖ ውሃ እያራስክ ሳትጫን ታንሸራትተዋለህ፣ ሲቆሽሽ እያጠፍክ ንጹሑን ገጽ ታወጣለህ። መሬት ከወደቀብህ ግን ጣለው፤ የያዘው ጠጠር ቀለሙን ይፍቀዋል።

ከክሌይ በኋላ፣ አቅምህ ከፈቀደ፣ መጀመሪያ ሲላንት ቀባ። ሲላንት እንደ ዋክስ ቀለሙን የሚሸፍን፣ ግን ሰው ሠራሽ የሆነ ቅባት ነው፤ ንጹሕ ቀለም ላይ ይጣበቃል፣ ከካርናውባም በጣም ይቆያል። ካርናውባው ከላይ ይምጣ። በተቃራኒው ከቀባህ ሲላንቱ የሚይዘው ሰሙን እንጂ ቀለሙን ስላልሆነ፣ ሰሙ ሲለቅ እሱም አብሮ ይሄዳል። ጣሳው ላይ የተጻፈውን የማድረቂያ ሰዓት ጠብቅ። እኔ ሲላንቱን ቅዳሜ ቀብቼ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ፣ እሁድ ዋክስ፣ ሁለተኛውን እጅ ሰኞ ማታ። በመሃል ዝናብ ወይ ጭጋግ እንዳያገኘው ጣራ ያለው ቦታ ፈልግ፤ የደሴን የክረምት ጭጋግ ታውቀዋለህ።

መጠኑ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። ለኮፈኑ በሙሉ አንድ የጣት ጫፍ ይበቃል። ስፖንጁን በትንሹ አርሰህ፣ ጨምቀህ፣ ቀለሙ በሰሙ ሥር እስኪታይህ ድረስ ስስ አድርገህ ግፋው። ነጭ ሆኖ ከታየህ በዝቷል። ከዚያ ጠብቅና ጣትህን አንዴ ሸርተት አድርግበት። ጣትህ ያለፈበት ጠርቶ ከታየ ደርሷል፣ ወልውለው። ከተለቀለቀ ገና ነው። ደሴ ላይ በጠዋት ብርድ ከምትጠብቀው በላይ ይቆያል፣ ኮምቦልቻ ላይ ግን ስታዞር ደርቆ ታገኘዋለህ። 600 ሜትር ገደማ የከፍታ ልዩነት ስላለ ሁለቱ ከተማ ላይ እኩል ጊዜ እየጠበቅክ አትሥራ።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። ኮምቦልቻ፣ ቀትር ላይ፣ ጥላ በሌለበት፣ አንድ ጎኑን በሙሉ ቀባሁ። ኮፈኑ እጅ አያስነካም ነበር። ሰሙ ጋገረ፣ እኔም በደረቅ ፎጣ፣ አቧራ እየነፈሰ፣ በጉልበት ፈገፈግኩት። ማታ መብራት ስር ሳየው ቀለሙ ላይ ክብ ክብ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቶታል። ያንን ለማጥፋት ፖሊሽ ማሠራት ግድ ሆነ። ፖሊሽ ደግሞ ክሊሩን፣ ማለትም ከቀለሙ በላይ ያለውን ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን፣ ትንሽ ይልጣል። የፋብሪካ ክሊር 40 እስከ 50 ማይክሮን ገደማ ነው፣ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ጭረት ባየህ ቁጥር የምትልጠው ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። የምትገዛው ዋክስ ላይ "ያጸዳል፣ ጭረት ያጠፋል" የሚል ካየህ ለሁለተኛ እጅ አይሆንም። ማጽጃ አለበት፣ የመጀመሪያውን እጅ እየላጠ ነው የሚሄደው። እንደዚያ ዓይነቱን አንድ እጅ ብቻ ቀባ።

ከቀባህ በኋላ ላቫጆ ስትሄድ አጠገባቸው ቁም። አንድ ቦታ ዞር ስል ለማብረቅ ብለው ቦዲውን በናፍጣ በራሰ ጨርቅ ጠርገውብኝ ነበር። ለአንድ ቀን ያበራል፣ ከዚያ ሰሙንም ያነሳል፣ የመንገዱን አቧራም እንደ ማር ይሰበስባል። "ውሃና ሻምፖ ብቻ፣ የራሴ ጨርቅ ይኸው" በላቸው። አይቀየሙህም።

መቼ ልድገም ካልክ፣ ቀን አትቁጠር። ጠዋት ስትነሳ ጣራውን እየው፤ ፀሐዩን ቀጥታ የሚቀበለው ጣራውና ኮፈኑ ስለሆኑ ሰሙ መጀመሪያ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጤዛው እንደ ዶቃ ተንጠባጥቦ ከተቀመጠ ሰሙ አለ። እንደ አንሶላ ተነጥፎ ከዋለ አልቋል። ያኔ ጣራውንና ኮፈኑን ብቻ አንድ እጅ ብትደግም ይበቃል፣ በሮቹ ይቆዩልሃል።

ጥቁሩ ፕላስቲክ ላይ እንዳይነካብህ ደግሞ ጠርዙን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነው፣ ነጭ ሆኖ ሲደርቅ ማስለቀቁ መከራ ነው። ኮፈኑን ካስተካከልክ በኋላ ከጎን ብርሃን ላይ ፎቶ አንስተህ ላክልን።