500 ዋት ከመግዛትዎ በፊት ቆጣሪውን ያጥፉ

ጤና ይስጥልኝ፣

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአማተር ሬዲዮ ፈቃዴ የጄኔራል ደረጃ፣ ሬዲዮዬ ባለ 100 ዋት ነው። የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ ውጭ ምንም ነገር እንዲሰቀል ስለማይፈቅድ የ20 ሜትር ባንድ (የሞገድ ክልል) ዳይፖል፣ ማለትም መሃሉ ላይ ገመድ የሚገናኝበት የሽቦ አንቴና፣ አቲክ (ጣሪያ ሥር) ውስጥ ዘርግቻለሁ። ማንም ሳይናገር ኤስ ሜትሩ (የሞገድ ጥንካሬ መለኪያው) 8 ላይ ተገትሮ ይውላል፤ ደከም ያለ ጣቢያ ጫጫታው ውስጥ ይሰጥማል። ከ50 ዋት በላይ በሆነ ኃይል ሳስተላልፍ ደግሞ የመኝታ ቤቱ ብሬከር ይወርዳል፤ ባለቤቴም መረራት።

ሥራዬ ፓርኪንግ ነው፤ በዚህ አገር ሰዓት ከ3 ፒኤም እስከ 11 ፒኤም። ስለዚህ ሬዲዮ የምከፍተው ጠዋት ብቻ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለውን የክለብ ጣቢያ ኢቲ3ኤኤን አንድ ቀን እንኳ ሰምቼው አላውቅም። ባለ 500 ዋት አምፕሊፋየር ልግዛ?

የጠዋቱ ሰው

*

የጠዋቱ ሰው፣ ገንዘብዎን ያቆዩት። አምፕሊፋየር የሚያጎላው የእርስዎን ድምፅ ነው፤ እርስዎ የቸገረዎት ግን መስማት ነው። በዚያ ላይ ከ100 ወደ 500 ዋት መውጣት 7 ዲሲቤል (የጥንካሬ ልዩነት መለኪያ) ነው። አንድ የኤስ ደረጃ 6 ዲሲቤል ስለሆነ፣ እዚያ ማዶ ያለው ሰው ሜትር ከአንድ ደረጃ ብዙም አያልፍም። ጫጫታውን ከ8 ወደ 3 ቢያወርዱ ግን 30 ዲሲቤል አተረፉ ማለት ነው፤ ያውም በጥቂት ዶላር።

ሬዲዮውን ከፓወር ሰፕላዩ ነቅለው ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ያገናኙት። የቤቱን ዋና ብሬከር ያጥፉና ሜትሩን ይዩ። መርፌው ከወደቀ ጫጫታውን የሚፈጥረው ሌባ ቤትዎ ውስጥ ነው። ቅርንጫፍ ብሬከሮቹን ሁሉ አጥፍተው ዋናውን ይመልሱ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ያብሯቸው፤ መርፌው ሲዘል የትኛው መስመር እንደሆነ ያውቃሉ። ከዚያ በዚያ መስመር ላይ ያለውን ሁሉ ከሶኬት ይንቀሉ። አብዛኛውን ጊዜ የላፕቶፕ ቻርጀር ወይም ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል ነው። ማዞሪያውን ሲያዞሩ በእኩል ርቀት፣ በየጥቂት አሥር ኪሎኸርዙ እየተመለሰ የሚያብጥ ጫጫታ የቻርጀር ምልክት ነው። የራስዎን ፓወር ሰፕላይም አይመኑት፤ ባትሪ ያልኩት ለዚህ ነው። መርፌው ንቅንቅ ካላለ ጉዳዩ የጎረቤት ነውና፣ አጭር ሞገድ የሚይዝ ትንሽ ሬዲዮ ይዘው ግድግዳ ግድግዳውን ይዙሩ።

ሌባውን ሲያገኙ ይቀይሩት፤ ካልሆነ ገመዱን ዓይነት 31 በሆነ የፌራይት ቀለበት (የሬዲዮ ጫጫታ የሚያግድ ቀለበት) ላይ ይጠምጥሙት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ገመዱን አንዴ አሳልፎ «አልሠራም» ይላል። የማገድ ኃይሉ በዙሩ ብዛት ካሬ ስለሚያድግ 5 ዙር ከ1 ዙር 25 እጥፍ ገደማ ይሻላል። ቀይ ወይም ቢጫ የተቀባ የብረት ዱቄት ቀለበት አይግዙ፤ ለሌላ ሥራ ነው።

የሚወርደው ብሬከር ብልጭታ የሚጠባበቅ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። የሬዲዮው ሞገድ በመብራት መስመሩ ሲገባበት ብልጭታ ይመስለዋል። ዳይፖሉ መሃል ላይ፣ ኮአክሱ (ከሬዲዮው የሚመጣው የአንቴና ገመድ) በሚገናኝበት ቦታ፣ ባለ 2.4 ኢንች ዓይነት 31 ቀለበት አስገብተው ቀጭን ኮአክስ ከ12 እስከ 14 ዙር ይጠምጥሙ። ይህ ጫጫታውንም ይቀንሳል፤ የኮአክሱ ውጪያዊ ሽፋን ራሱ አንቴና ሆኖ የቤቱን ቆሻሻ ይለቅማልና። የሽቦውን ጫፎች ከመብራት መስመርና ከብረት ያርቁ፤ ቮልቴጁ የሚበረታው ጫፍ ላይ ነው። ያም ሆኖ ካልተወ ኤሌክትሪሺያን አዲስ ሞዴል ይግጠምልዎ እንጂ በተራ ብሬከር አይተኩት። አንቴናው ከመኝታ ቤት በላይ ስለሆነ የጨረር መጠኑንም ያስሉ፤ የኤፍሲሲ (የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን) ደንብ አማተሩንም ያስገድዳል።

ኢቲ3ኤኤን ያልሰሙበት ሌላም ምክንያት አለ፤ በተሳሳተ ባንድ ላይ ነው የሚጠብቁት። በአሜሪካ በጋ፣ ሰዓቱ ወደፊት በሚገፋበት ወቅት፣ ከ8 እስከ 11 ኤኤም ማለት በዓለም አቀፉ ሰዓት ከ12 እስከ 15፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ነው። (ሎግ፣ ማለትም የግንኙነት መዝገብ፣ ሲጽፉ ይመችዎታል፤ ከዓለም አቀፉ ሰዓት 3 ሲቀንሱ የሐበሻው ሰዓት ቁጭ ይላል።) በዚያን ጊዜ መንገዱ በሙሉ ፀሐይ ላይ ስለሆነ 15 እና 10 ሜትር ይሻላሉ። 20 ሜትር ወደዚያ ደህና የሚሆነው አመሻሹ ላይ፣ እርስዎ መኪና ሲያቆሙ ነው።

ስለዚህ በዚያው መገናኛ ላይ ለ15 ሜትር ሁለተኛ ዳይፖል ይጨምሩ። ለዳይፖል የተለመደውን ቁጥር 142.6ን ለ21.2 ሜጋኸርዝ ሲያካፍሉ 6.73 ሜትር፣ በጎን 3.36 ይመጣል። በ3.60 ጀምረው ከሁለቱም ጎን እኩል፣ 5 ሴንቲ ሜትር 5 ሴንቲ ሜትር እያሉ ይቁረጡ። አስቀድሞ ያሳጠረ መቀጠል ይጠብቀዋል። ጫፎቹን ከ20 ሜትሩ ሽቦ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ያራርቁ። በፈቃድዎ ለድምፅ ከ21.275 እስከ 21.450 ሜጋኸርዝ፣ ለኤፍቲ8 (በኮምፒውተር ለሚላክ አጭር የጽሑፍ መልእክት) 21.074 ይፈቀድልዎታል። ኤፍቲ8 በየተራው 12 ሰከንድ ተኩል ያለ እረፍት ስለሚልክ ሬዲዮውን በ30 ዋት ይወስኑት፤ የኮምፒውተሩ ሰዓትም ከአንድ ሰከንድ በላይ መሳሳት የለበትም። ኢቲ3ኤኤ የክለብ ጣቢያ ነውና ሁልጊዜ አየር ላይ አይገኝም፤ ወደ ሥራ እስኪወጡ ስክሪኑን ከፍተው ቡናዎን ይጠጡ፣ «ኢቲ» (የኢትዮጵያ ጣቢያ መለያ መነሻ) የሚል ሲመጣ ያዩታል።

ከማኅበሩ ጋር ሙግት ካሰቡ፣ የ1985ቱ ፒአርቢ-1 (ስለ አማተር አንቴናዎች የወጣ የኤፍሲሲ ውሳኔ) የሚገዛው የከተማና የክልል አስተዳደርን እንጂ የፈረሙትን የግል ውል አይደለም።

73 (መልካም ምኞት)