የኤኤፍኤስ ፋይል ሰርቨር ማከማቻ፦ አይኖድ ወይስ ኔምአይ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ በኦፕንኤኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ የሚያጋራው የኤኤፍኤስ ነጻ ሶፍትዌር) አይኖድ እና ኔምአይ የሚባሉት የፋይል ሰርቨር ዓይነቶች በምን ይለያያሉ?

መልስ፦ ዳታው ዲስክ ላይ በሚቀመጥበት መንገድ ብቻ። ክላየንቱ ልዩነቱን አያውቅም። አይኖድ የዲስኩን አይኖዶች (ፋይል ሲስተሙ ስለ እያንዳንዱ ፋይል የሚይዛቸውን መዝገቦች) በቀጥታ ስለሚጠቀም ፋይሎቹ በየትኛውም ፎልደር ውስጥ ስም የላቸውም፤ የሚሠራውም እንደ ሶላሪስ ዩኤፍኤስ ባሉ ጥቂት ፋይል ሲስተሞች ላይ ነው። ኔምአይ ሁሉንም ኤኤፍኤስአይዳት በሚባል ፎልደር ሥር ተራ ፋይል አድርጎ ያስቀምጣል። ኤክስት4 ቢሆን ኤክስኤፍኤስ ግድ የለውም። ሊኑክስ ላይ ያለው እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አሮጌው የሶላሪስ ሰርቨራችን አይኖድ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኤፍኤስሲኬን (የፋይል ሲስተም መመርመሪያና መጠገኛውን) ላስኪደው?

መልስ፦ እባክዎ በፍጹም! ተራው ኤፍኤስሲኬ ስም የሌላቸውን አይኖዶች ባለቤት እንደሌላቸው ቆጥሮ ያጠፋቸዋል፤ ቮሊዩሞችዎ (ኤኤፍኤስ ፋይሎችን የሚያደራጅባቸው ክፍሎች) በሙሉ አብረው ይሄዳሉ። ከኤኤፍኤስ ጋር የሚመጣውን ቪኤፍኤስሲኬ በቦታው ይተኩ። የዩኤፍኤስ ሎጊንግም (ለውጦችን አስቀድሞ የሚመዘግበው አሠራር) መዘጋት አለበት።

ጥያቄ፦ እዚያው ዲስክ ላይ ወደ ኔምአይ መቀየር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። አዲስ የኔምአይ ሰርቨር ያቁሙ፣ በ«ቮስ ፓርትኢንፎ» («ቮስ» የኤኤፍኤስ ቮሊዩም ማስተዳደሪያ ትእዛዝ ነው) ቦታ መኖሩን ይዩ፣ ከዚያ ቮሊዩሞቹን አንድ በአንድ በ«ቮስ ሙቭ» ያዛውሩ። ተጠቃሚዎች ሥራቸውን አያቋርጡም። ሪድ-ኦንሊ ቅጂዎች ግን በዚህ አይሄዱም፦ አዲሱን ቦታ በ«ቮስ አድሳይት» ያስመዝግቡ፣ ቅጂውን በ«ቮስ ሪሊዝ» ይላኩ፣ በመጨረሻም አሮጌውን ቅጂ በ«ቮስ ሪሙቭ» ያጥፉ። ብዙ ሰው የሚረሳው፦ ዝውውሩ የባክአፕ ቮሊዩሙን (የቮሊዩሙን የአንድ ጊዜ ቅጂ) ስለሚሰርዝ «ቮስ ባክአፕ» እንደገና መሰጠት አለበት። አሮጌውን ሰርቨር ከማጥፋትዎ በፊት በ«ቮስ ሊስትቪኤልዲቢ» (የቮሊዩሞችን መገኛ መዝገብ በሚያሳየው ትእዛዝ) ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ ኔምአይ ላይ የፋይሎቹ ባለቤትና ፈቃድ የተዘበራረቀ ነው። ላስተካክለው?

መልስ፦ አይንኩት። ኔምአይ የራሱን መረጃ የሚደብቀው በባለቤት፣ በግሩፕና በፈቃድ ቢቶች ውስጥ ነው። አንድ «ቾውን» (የባለቤት መቀየሪያ ትእዛዝ) ከነንዑስ ፎልደሮቹ ከሰጡ ያንን መረጃ ያጠፉታል። ለመጠባበቂያም «ቮስ ደምፕ» (ቮሊዩሙን ወደ አንድ ፋይል የሚያወጣውን) ይጠቀሙ እንጂ ፎልደሩን አይቅዱ።

ጥያቄ፦ ለሙከራ ቫይስፒኤን (ሰርቨሩ ዳታውን የሚያስቀምጥበትን ቦታ) ተራ ፎልደር ባደርገው ሰርቨሩ አያየውም።

መልስ፦ ትክክል ነው የሠራው። ራሱን የቻለ ፓርቲሽን ካልሆነ አያነሳውም፤ ዲስኩ ሳይሰካ ቢነሳ ዳታው ሩት (የሲስተሙ ዋና ፓርቲሽን) ላይ እንዳይጻፍ ነው። ለሙከራ ውስጡ ኦልዌይስአታች የሚባል ባዶ ፋይል ይፍጠሩ። ለእውነተኛ ሥራ ግን ይህን አያድርጉ፣ የተለየ ፓርቲሽን ይስጡት።