የፍራሽ ፋብሪካው ወይስ የናኖ ሴሉሎሱ ቴሲስ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ ኮርስ ጨርሼ ቴሲስ ልጀምር ነው። አማካሪዬ የሰጡኝ ርዕስ ‹ከጉሎ ዘይት የሚሠራ የፖሊዩሬቴን ፎምን ከባጋስ በሚወጣ የሴሉሎስ ናኖ ቅንጣት ማጠናከር› የሚል ነው፤ ባጋስ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ቃጫ ነው። እኔ ወድጄዋለሁ። ታላቅ ወንድሜ ግን ‹ይሄ ሼልፍ ላይ የሚቀር ነገር ነው፣ እንጀራ አይሆንሽም› ይለኛል። በዚህ መሃል አንድ የፍራሽ ፋብሪካ በጥራት ቁጥጥር ሊቀጥረኝ ፈልጓል። ትምህርቱን ላቋርጥ፣ ርዕሱን ልቀይር ወይስ ሥራውን ልተወው?»

መልስ፦ እኅቴ፣ ሦስቱንም አታድርጊ። ወንድምሽን ያስፈራው «ናኖ» የሚለው ቃል ነው፤ አንቺን የማረከሽም እሱው ሳይሆን አይቀርም። ቀጣሪ ደመወዝ የሚከፍልሽ ግን ፎም ስለምታውቂ ነው። አገር ቤት በሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ላይ «በሴሉሎስ ናኖ ክሪስታል ልምድ ያላት» የሚል መስፈርት አትጠብቂ። ፎም የሚነፉና የሚጠቀሙ ግን አሉ፦ የፍራሽና የሶፋ ፋብሪካዎች፣ ለቀዝቃዛ መጋዘን ግድግዳ ሳንድዊች ፓነል የሚሠሩ፣ የፖሊዩሬቴን ሶል የሚያፈስሱ የጫማ ፋብሪካዎች፣ ጥሬ ዕቃውን የሚያስመጡ ነጋዴዎች። ሁሉም ተዋህደው ፖሊዩሬቴን የሚሆኑትን ሁለቱን ኬሚካሎች፣ ፖሊዮሉንና አይሶሲያኔቱን፣ የሚያመጡት በዶላር ነው። ከሁለቱ የአንዱን የተወሰነ ክፍል በአገር ውስጥ ዘይት መተካት እችላለሁ የሚል ሰው፣ ከልቡ ካወቀበት፣ በር አይዘጋበትም።

ርዕሱም ቢሆን ተራ ሕልም አይደለም። የካርጊል ኩባንያ ከአኩሪ አተር ዘይት ለሠራው ፖሊዮል እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካን መንግሥት የአረንጓዴ ኬሚስትሪ ሽልማት አግኝቷል። ፎርድም በ2008 የሙስታንግ ሞዴሉ መቀመጫ ላይ የአኩሪ አተር ፎም ተጠቅሟል። የአኩሪ አተር ዘይት ግን ለዚህ እንዲበቃ መጀመሪያ ኤፖክሳይድ መደረግ (ኦክስጅን ያለበት ትንሽ ቀለበት መያዝ)፣ ከዚያ ቀለበቱ ተከፍቶ ሃይድሮክሲል (ከአይሶሲያኔቱ ጋር የሚዋሃደውን የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቡድን) መያዝ አለበት። ጉሎ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ከፋቲ አሲዱ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ሪሲኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ሃይድሮክሲሉን ተፈጥሮ ራሷ ሰጥታዋለች። ደግሞም የሚበላ ዘይት አይደለም። በኑግ ዘይት ፎም ልሥራ ብትዪ የምግብ ዘይት ከውጭ በምትገዛ አገር ማን ይሰማሻል? ጉሎ ግን አጥር ጥግ የሚበቅል ተክል ነው፤ ለቃለ መጠይቅም ሆነ ለምርምር ገንዘብ ጥያቄ ይህ ጠንካራ ነጥብሽ ነው።

(ወደፊት ዶክትሬት ካሰብሽ ደግሞ ቬርኖኒያ ጋላመንሲስን አንብቢ። የግራዋ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሐረር አካባቢ ከሰበሰበው ዘር በኋላ ዓለም ያወቀው ተክል ሲሆን፣ ዘይቱ ያለ ምንም ፋብሪካ ኤፖክሳይድ ሆኖ ይወለዳል። እንዲህ ያለ ሀብት ደጃችን ላይ እያለ ሌላ አገር ሄደን ስለ አኩሪ አተር ብቻ መጻፋችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።)

አሁን ወደ ሴሉሎሱ። የሴሉሎስን ቃጫ በሰልፈሪክ አሲድ አስበልቶ ጥቃቅን ዘንጎች (ናኖ ክሪስታል የሚባሉትን) ማውጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ ስዊድናዊው ቤንግት ሮንቢ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሠርቶታል። ዘንጎቹ ስፋታቸው ከ5 እስከ 20 ናኖ ሜትር፣ ርዝመታቸው ጥቂት መቶ ናኖ ሜትር ነው፤ ግትርነታቸው ደግሞ ከ100 ጊጋ ፓስካል በላይ። በወረቀት ላይ ሲታይ ፎሙን ያጠነክራሉ፣ ቀዳዳዎቹንም ያሳንሳሉ። እዚህ ድረስ የአማካሪሽ ርዕስ ትክክል ነው። ቴሲስሽን የሚያሸንፈው ወይም የሚገድለው ግን ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው፣ እሱም ውኃ።

ከአሲዱ ታጥቦ፣ ለቀናት ዲያሊሲስ ተደርጎ (የቀረው አሲድ በስስ ሽፋን ተጣርቶ) የሚወጣው ናኖ ክሪስታል ውኃ ውስጥ የተንሳፈፈ ነው። በክብደት 1 በመቶ ነው እንበል። ለ100 ግራም ዘይት 2 ግራም ክሪስታል ከፈለግሽ ወደ 200 ግራም የሚጠጋ ውኃ ማስወገድ አለብሽ ማለት ነው። ስታደርቂው ዘንጎቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ገንፎ ውስጥ ሳይማሰል እንደቀረ ዱቄት ይጓጉላሉ፣ መልሰሽም አትፈቺያቸውም። በደንብ ካላደረቅሽው ደግሞ የቀረው ውኃ አይሶሲያኔትሽን ይበላዋል። ቁጥሩን አንዴ በእጅሽ አስዪው፦ 1 ግራም ውኃ 15 ግራም ያህል ኤም.ዲ.አይ (አንዱ የአይሶሲያኔት ዓይነት) ይጨርሳል፣ ከ1.3 ሊትር በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃል። ያ 15 ግራም ከ40 ግራም ጥቂት ለሚያንስ የጉሎ ዘይት ይበቃ ነበር። «ሴሉሎሱ ፎሙን ቀየረው» የሚሉ ውጤቶች ውስጥ የቀየረው ሴሉሎሱ ሳይሆን አብሮት የገባው እርጥበት ሊሆን ይችላል፤ ቴሲስሽን የሚገመግም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽም ይህንን ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ናሙና እርጥበት በካርል ፊሸር (የውኃ መጠን መለኪያ ዘዴ ነው) ለኪ፣ መሣሪያው ከሌለ ቢያንስ በምድጃ አድርቀሽ የክብደቱን ልዩነት መዝግቢ፣ የአይሶሲያኔቱንም ኢንዴክስ (ከሚያስፈልገው አንጻር የገባውን መጠን) በዚያው ልክ አስተካክዪ።

ሌላው ወጥመድ ዴንሲቲ (እፍጋት) ነው። የፎም ግትርነት ከዴንሲቲው ጋር በስኩዌር ገደማ ያድጋል። ዴንሲቲው በ10 በመቶ ከጨመረ፣ ምንም ነገር ሳይገባበት ግትርነቱ በ21 በመቶ ይጨምራል። ናኖ ቅንጣት ሲጨመር ድብልቁ ይወፍራል፣ ፎሙ እንደ ልብ አይነሣም፣ ዴንሲቲው ይጨምራል፤ ከዚያ «25 በመቶ ተሻሻለ» ተብሎ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ግራፍ ይዘሽ ፋብሪካ ብትሄጂ ሃያ ዓመት ፎም የነፋ ፎርማን በአንድ ጥያቄ ያስቀምጥሻል። የጭመቃ ውጤትሽን ሁሉ በዴንሲቲው ስኩዌር አካፍለሽ አቅርቢ፤ ናሙናውንም ፎሙ በተነሣበት አቅጣጫና በአግድሙ ለየብቻ ሞክሪው፣ ምክንያቱም ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ የተሳቡ ናቸው።

ለአማካሪሽ የምታቀርቢው ሐሳብ እንግዲህ ርዕሱን መጣል ሳይሆን ክብደቱን ማዛወር ነው። ግማሹን ዓመት ባጋስ በአሲድ ስታጥቢ እንዳታሳልፊ። ናኖ ክሪስታሉን ከዚህ ቀደም ያወጣ የዲፓርትመንትሽ ተማሪ ካለ ከእርሱ ጋር ተባበሪ፤ ወይም ትንሽ መጠን አስመጪ፤ የሜይን ዩኒቨርሲቲ ለተመራማሪዎች የሚሸጥበት ማዕከል አለው፣ የጉምሩኩን ጊዜ ግን ከወዲሁ አስቢበት። መጠኑን 0.5፣ 1 እና 2 በመቶ ላይ ወስኚ፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ብዙ ጊዜ መጓጎሉ ያሸንፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ማነጻጸሪያ ጨምሪ፦ ካልሲየም ካርቦኔት። የፍራሽ ፋብሪካዎች ፎም ለማክበድና ዋጋ ለመቀነስ የሚጨምሩት ርካሽ ዱቄት ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚጠይቅሽ «ናኖሽ ከኖራ ድንጋይ ዱቄት በምን ይበልጣል?» ብሎ ነው። መልሱ «አይበልጥም» ሆኖ ቢገኝ እንኳ በቁጥር የተመለሰ ጥያቄ ይዘሻል፤ ያ ደግሞ ጥሩ ቴሲስ ነው።

በመግቢያሽ ላይ «ባጋስ የሚጣል ቆሻሻ ነው» ብለሽ አትጻፊ። ወንጂም መተሐራም ባጋሱ ቦይለር ውስጥ ይነዳል፤ ለፋብሪካው ማገዶ ነው፣ ዋጋ አለው። የእንሰት ቃጫን ማሰብ ትችያለሽ፤ እሱም ግን ገመድ የሚገመድበት፣ ገበያ ያለው ነገር ነው። ነጻ ጥሬ ዕቃ የሚባል ነገር የለም።

ወደ ፋብሪካው ልመለስ። ሥራውን ያዢው፤ ግን ከመፈረምሽ በፊት የምትጠይቂው አለ። የመጀመሪያው የቴሲስሽን ሙከራ በከፊል እዚያ መሥራት ትችይ እንደሆነ ነው። የፍራሽ ፎም የሚሠራው በአብዛኛው በቲ.ዲ.አይ (በሌላው የአይሶሲያኔት ዓይነት) ሲሆን የፖሊዮሉ ሃይድሮክሲል ቁጥር (የሃይድሮክሲሉ ብዛት መለኪያ) 56 አካባቢ ነው፤ የጉሎ ዘይት ግን 160 አካባቢ ነው። ስለዚህ ጉሎ ፖሊዮሉን ሙሉ በሙሉ ይተካል አትበዪ። 10 በመቶውን ብተካ ምን ይሆናል ብለሽ ጀምሪ። በትንሽ ባልዲ የሚነፋ የሙከራ ፎም ፋብሪካውን ብዙ አያስወጣውም፤ አንቺ ግን ክሪም ታይም (ድብልቁ ቀለሙን ቀይሮ መነፋት የሚጀምርበት ጊዜ)፣ የመነሻ ጊዜ፣ የቲንና የአሚን ማፋጠኛዎች ሚዛን፣ የሲሊኮን መጠን የሚባሉትን ነገሮች ከየትኛውም መማሪያ መጽሐፍ በተሻለ ትማሪበታለሽ። አንድ ሌሊት ፎም ሲሰነጠቅና ሲወድቅ አይተሽ በማግስቱ ምክንያቱን ማግኘት ከአንድ ሴሚስተር ኮርስ ይበልጣል።

ሁለተኛው ደኅንነት ነው፤ በዚህ ላይ አትሽኮርመሚ። አይሶሲያኔት የሥራ ቦታ አስም ያመጣል፤ ሰውነትሽ አንዴ ከተቆጣ በኋላ በጣም ትንሽ ሽታ እንኳ ሊያስነሣብሽ ይችላል፣ ያኔ ከሙያው መውጣት ነው። ቲ.ዲ.አይ ከኤም.ዲ.አይ ይልቅ በቀላሉ ስለሚተን የበለጠ ያሰጋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በሙያው ከእነዚህ ኬሚካሎች ጋር የሚሠራ ሰው ሥልጠና እንዲወስድ አስገድዷል። ስለዚህ አየር መሳቢያው የት እንዳለ፣ የጭምብሉ ፊልተር መቼ እንደሚቀየር፣ አዲስ የተነፋው ትልቅ ብሎክ የት እንደሚያድር ጠይቂ። ብሎኩ መሃሉ ለሰዓታት ይግላል፣ ቀመሩ ከተሳሳተ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚቆጣ አለቃ ካገኘሽ ደመወዙ ምንም ያህል ቢሆን ሌላ ፋብሪካ ፈልጊ። ዩኒቨርሲቲ ላብም ውስጥ ቢሆን ያለ ፊውም ሁድ (ትነት የሚስብ የላብ ሳጥን) እንዳትሠሪ።

ውጭ አገር መማር ሐሳብሽ ከሆነ ሴሉሎሱ ያኔ ይከፍልሻል። በስዊድን የዶክትሬት ተማሪ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ነው፣ የትምህርት ክፍያም የለበትም፤ በኬቲኤችና በቻልመርስ ዩኒቨርሲቲዎች የሚገኘው የዋለንበርግ የእንጨት ሳይንስ ማዕከል ዋና ሥራው ሴሉሎስን ጨምሮ ከእንጨት የሚወጡ ቁሶች ናቸው። በዘይቱ በኩል ደግሞ በአሜሪካ ካንሳስ፣ ፒትስበርግ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚካሄደው የፖሊመር ምርምር በአትክልት ዘይት ፖሊዮል የታወቀ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ስትጽፊ «ናኖ ቴክኖሎጂ እወዳለሁ» አትበዪ፤ በዴንሲቲ የተስተካከለውን ግራፍሽንና የእርጥበት መዝገብሽን አባሪ አድርጊ።

ሲቪሽ ላይም እንዲሁ። ለፋብሪካ የምትልኪው ላይ የመጀመሪያው መስመር «የፖሊዩሬቴን ፎም ፎርሙላ ቀመራ፣ የኢንዴክስ ስሌት፣ የዴንሲቲና የጭመቃ ፍተሻ» ይሁን፤ ሴሉሎሱ ሦስተኛው ወይም አራተኛው መስመር ላይ ይምጣ። ለዶክትሬት የምትልኪው ላይ ቅደም ተከተሉን ገልብጪው።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው። የፋብሪካው ፎርሙላ ምስጢሩ ነው። በቴሲስሽ ውስጥ የትኛውን ቁጥር ማተም እንደምትችዪና የትኛውን «ቀመር ሀ» ብለሽ ብቻ እንደምትጠሪው፣ ሙከራውን ከመጀመርሽ በፊት ከአማካሪሽና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ተቀምጣችሁ በጽሑፍ ተፈራረሙ። የቃል ስምምነት ሥራ አስኪያጁ የተቀየረ ዕለት ይጠፋል፤ ቴሲስሽም የምታቀርቢበት ቀን ሲደርስ ይታገድብሻል።